ሃሪ ፈርጉሰን

ሃሪ ፈርጉሰን (ሙሉ ስሙ ሄንሪ ጆርጅ ፈርጉሰን፤ ኖቬምበር 4 ቀን 1884 – ኦክቶበር 25 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.) በአየርላንድ የተወለደ መካኒክ፣ የፈጠራ ሰውና ነጋዴ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ማረሻን ከትራክተር ጋር በሦስት ነጥብ የሚያያይዘውንና የእርሻውን ጥልቀት በሃይድሮሊክ ኃይል የሚቆጣጠረውን ዘዴ በመፍጠሩ ነው። ዘዴው የፈርጉሰን ሥርዓት ተብሎ ይጠራል። ዛሬ በአብዛኞቹ የእርሻ ትራክተሮች ጀርባ ላይ የሚታየው ማያያዣ ከዚሁ የመጣ ነው። ስሙም ማሲ ፈርጉሰን በተባለው የትራክተር ምርት ላይ እስካሁን ይገኛል።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ በፈርጉሰን ስም የወጡት ትራክተሮች ሞተራቸው፣ ካምቢያቸው፣ ፍሪሲዮናቸውና ቀለማቸው በየጊዜው ተለዋውጧል። ማያያዣው ግን በመሠረቱ ያው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ፈርጉሰን የተወለደው በአሁኗ ሰሜን አየርላንድ፣ በዳውን አውራጃ፣ በድሮሞር ከተማ አጠገብ በምትገኘው ግሮዌል በተባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባቱ ጄምስ ፈርጉሰን ገበሬና በሃይማኖቱ እጅግ ጥብቅ ሰው ነበር። ሃሪ ከአሥራ አንድ ልጆች አራተኛው ሲሆን በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ እርሻ ላይ መሥራት ጀመረ። የእርሻ ሥራ አድካሚነት ግን አልተስማማውም።

በ1902 ታላቅ ወንድሙ ጆ በቤልፋስት ከተማ ባቋቋመው የብስክሌትና የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ተቀጠረ። እዚያም ሞተርን በማስተካከል ችሎታው ታወቀ። ለጋራዡ ስም ለማስገኘት ሲል ከ1904 ጀምሮ በሞተር ብስክሌትና በመኪና ውድድሮች ይሳተፍ ነበር።

የመጀመሪያው በረራ

ፈርጉሰን በአውሮፓ የተካሄዱ የአውሮፕላን ትርኢቶችን ከተመለከተ በኋላ የራሱን አውሮፕላን ለመሥራት ወሰነ። አውሮፕላኑ በወንድሙ ጋራዥ ውስጥ ተሠርቶ ዲሴምበር 31 ቀን 1909 በሂልስቦሮ ሜዳ ላይ በረረ። የሄደው ርቀት 120 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሆኖም በአየርላንድ ምድር በሞተር ኃይል የበረረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ1911 ከወንድሙ ተለይቶ በቤልፋስት የራሱን የመኪና ንግድ ከፈተ። በ1913 ሞሪን ዋትሰንን አገባ፤ ሁለቱ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ድርጅቱ ከመኪና ሌላ ከአሜሪካ የሚመጣ ኦቨርታይም የተባለ ትራክተርም ይሸጥ ነበር። በዚህ ሥራ ምክንያት ፈርጉሰን ትራክተር በመስክ ላይ ሲሠራ በቅርብ የማየት ዕድል አገኘ።

የማረሻው ችግር

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ ከውጭ የሚመጣ እህል ስላነሳት ብዙ መሬት እንዲታረስ ታዘዘ። በ1917 የአየርላንድ የግብርና ቦርድ ፈርጉሰን በአገሩ ያሉትን ትራክተሮች አሠራር እየተዘዋወረ እንዲያሻሽል ኃላፊነት ሰጠው። ፈርጉሰን ከረዳቱ ከዊሊያም ሳንድስ ጋር በየእርሻው ሲዞር ችግሩ ከሞተሩ ይልቅ በትራክተሩና በማረሻው መካከል ባለው ግንኙነት ላይ መሆኑን ተረዳ።

በዚያ ዘመን ማረሻ ከትራክተር ጀርባ እንደ ጋሪ በሰንሰለት ወይም በብረት ዘንግ እየተጎተተ ይሄድ ነበር። ይህ አሠራር ሦስት ጉዳት ነበረው። አንደኛ፣ የኋላ ጎማዎቹ እንዳይንሸራተቱ ትራክተሩ እጅግ ከባድ መሆን ነበረበት፤ ከባዱ ትራክተር ደግሞ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ሁለተኛ፣ የሚጎተተው ማረሻ በጠባብ ማሳ ውስጥ ለመዞር አይመችም። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የሰው ሕይወት አደጋ ነው። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ጋር ሲጋጭ የኋላ ጎማዎቹ ይቆማሉ፤ ሞተሩ ግን መግፋቱን ስለሚቀጥል የትራክተሩ ፊት ወደ ላይ ይነሣና ወደ ኋላ ይገለበጣል። በ1917 የወጣው የሄንሪ ፎርድ ፎርድሰን ትራክተር ርካሽና ቀላል በመሆኑ በብዛት ተሸጠ። ነገር ግን በዚህ ዓይነት አደጋ ብዙ ነጂዎች ሞተዋል።

የፈርጉሰን መልስ ማረሻውና ትራክተሩ እንደ አንድ መሣሪያ ሆነው እንዲሠሩ ማድረግ ነበር። መጀመሪያ በመኪና ላይ የሚገጠም ቀላል ማረሻ ሠራ። ቀጥሎም ማረሻውን ከፎርድሰን ጋር በላይና በታች በሁለት ዘንጎች የሚያያይዝ ዘዴ አወጣ። የላይኛው ዘንግ የትራክተሩ ፊት እንዳይነሣ ይከላከል ነበር። ይህን ማረሻ ለመሸጥ በ1925 ከአሜሪካውያን ነጋዴዎች ጋር ፈርጉሰን-ሸርማን የተባለ ድርጅት በኢንዲያና ግዛት፣ በኤቫንስቪል ከተማ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ፎርድ በ1928 በአሜሪካ ፎርድሰንን ማምረት ስላቆመ ማረሻው የሚገጠምበት ትራክተር ጠፋ። ፈርጉሰን የሌላ ሰው ትራክተር እየጠበቀ መኖር እንደማይችል የተረዳው በዚህ ጊዜ ነበር።

ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ

ፈርጉሰን የእርሻ ጥልቀትን በራሱ የሚቆጣጠር ዘዴ የባለቤትነት መብት የጠየቀው በ1925 ሲሆን መብቱ በሚቀጥለው ዓመት ተሰጠው። ዘዴው በሙከራ እየተሻሻለ ሄዶ የመጨረሻውን ቅርጽ ሲይዝ የሚከተለውን መሰለ።

ማረሻው በሦስት ክንዶች ከትራክተሩ ጀርባ ጋር ይያያዛል። ሁለቱ ክንዶች ከታች በግራና በቀኝ ሆነው ማረሻውን ይጎትቱታል፤ የሚነሡትና የሚወርዱትም በሃይድሮሊክ ዘይት ግፊት ነው። ሦስተኛው ክንድ ከላይ መካከል ላይ ይገኛል። አፈሩ ማረሻውን ሲቋቋመው የማረሻው የላይኛው ክፍል ወደ ፊት ሊያዘነብል ስለሚሞክር የላይኛው ክንድ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። ግፊቱ አንድ ጠንካራ ሞላ ይጨምቃል። ሞላው ከልክ በላይ ሲጨመቅ የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ያንቀሳቅስና ክንዶቹ ማረሻውን ጥቂት ከፍ ያደርጉታል። አፈሩ ሲላላ ሞላው ይለቃል፣ ማረሻውም መልሶ ይወርዳል። በበሬ የሚያርስ ገበሬ መሬቱ ሲከብድ በእርፉ ላይ የጫነውን እጁን እንደሚያቀልል፣ ሲላላ ደግሞ እንደሚጫን ሁሉ፣ በፈርጉሰን ትራክተር ላይ ይህን ሥራ ሞላውና ዘይቱ ይሠሩታል።

ከዚህ ሁለት ጥቅሞች ተገኙ። የማረሻው ክብደትና አፈሩ ማረሻውን ወደ ታች የሚስብበት ኃይል በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ቀላል ትራክተር የከባዱን ያህል መሳብ ቻለ። በላይኛው ክንድ በኩል የሚመጣው ግፊት ደግሞ የትራክተሩን ፊት ወደ መሬት ይጫነዋል። ማረሻው ከድንጋይ ጋር ቢጋጭም የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ እንጂ ትራክተሩ ነጂው ላይ አይገለበጥም።

ጥቁሩ ትራክተርና ዓይነት ኤ

ፈርጉሰን ሐሳቡን ለማሳየት በ1933 በቤልፋስት አንድ ሙሉ ትራክተር ሠራ። ጥቁር ቀለም ስለተቀባ ጥቁሩ ትራክተር ተብሎ ይታወቃል። ሞተሩ ሄርኩለስ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የተገዛ ሲሆን ማርሾቹን የሠራው የእንግሊዙ የዴቪድ ብራውን ፋብሪካ ነው። ይህ ትራክተር ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ንብረት ነው።

በ1936 ዴቪድ ብራውን በዮርክሺየር ፋብሪካው ትራክተሩን ማምረት ጀመረ። ሞዴሉ ዓይነት ኤ ወይም ፈርጉሰን-ብራውን ይባላል። መጀመሪያ ኮቨንትሪ ክላይማክስ የተባለ ሞተር ነበረው፤ በኋላ የዴቪድ ብራውን የራሱ ሞተር ተገጠመለት። ዋጋው 224 ፓውንድ ሲሆን ማረሻውና ሌሎቹ መሣሪያዎች ለየብቻ ይገዙ ነበር። ፎርድሰን ከዚህ በጣም ርካሽ ስለነበር ሽያጩ ደካማ ሆነና እስከ 1939 ድረስ 1,350 ያህል ብቻ ተመረቱ። ብራውን ትራክተሩ ተለቅ እንዲል ፈለገ። ፈርጉሰን ግን በብዛት ማምረትና ዋጋ መቀነስ ነው የሚያዋጣው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱ ሳይስማሙ ተለያዩ።

ዋጋ መቀነስ ለፈርጉሰን ከንግድ በላይ የሆነ ጉዳይ ነበር። ገበሬው ከመሬቱ ሰፊውን ክፍል የሚያውለው ለእርሻ ፈረሶች መኖ ነው፤ ትንሹ ገበሬ ትራክተር መግዛት ከቻለ ያ መሬት ለሰው ምግብ ይሆናል፣ የምግብ ዋጋም ይረክሳል ብሎ ያምን ነበር። ይህን እምነቱን ለመንግሥታትም ሆነ ለነጋዴዎች በተደጋጋሚ ከማስረዳት አልቦዘነም።

ከሄንሪ ፎርድ ጋር የተደረገ ስምምነት

በኦክቶበር 1938 ፈርጉሰን አንድ ዓይነት ኤ ትራክተር ወደ አሜሪካ ወስዶ በሚሺጋን ግዛት፣ በዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ሲያርስ አሳየ። ፎርድ ባየው ነገር ተደነቀ። ሁለቱ ሰዎች ፎርድ እንዲያመርት፣ ፈርጉሰን ደግሞ እንዲሸጥና በንድፉ ላይ ኃላፊ እንዲሆን ተስማሙ። ስምምነቱ በወረቀት አልሰፈረም፤ ተጨባብጠው ተለያዩ።

ከስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ በጁን 1939፣ ፎርድ-ፈርጉሰን 9ኤን ወጣ። 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተርና ባለ 3 ፍጥነት ካምቢዮ ነበረው፤ ዋጋው 585 ዶላር ነበር። ከዓይነት ኤ ጋር ሲነጻጸር በፎርድ የማምረት አቅም ምክንያት በፍጥነትና በብዛት ይመረት ነበር። በ1942 በጦርነቱ ሳቢያ ጎማና ባትሪ ሲጠፋ 2ኤን የተባለው ሞዴል ተተካ። ከ2ኤን የመጀመሪያዎቹ የብረት ጎማ ነበራቸው፣ ያለ ባትሪም ይሠሩ ነበር። እስከ 1947 ድረስ ሁለቱ ሞዴሎች ተደምረው ከ300,000 በላይ ተመርተዋል።

ስምምነቱ መፍረሱና ክሱ

የፎርድ ኩባንያ አመራር በ1945 ለመሥራቹ የልጅ ልጅ ለሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ ተላለፈ። አዲሱ ኃላፊ ኩባንያው ከትራክተሩ ኪሳራ እንጂ ትርፍ እንዳላገኘ ስላመነ በ1946 መጨረሻ ስምምነቱ እንዲያበቃ ወሰነ። ፈርጉሰን የሚያሳየው የተፈረመ ውል አልነበረውም። በአሜሪካ ያለው የሽያጭ ድርጅቱም የሚሸጠው ትራክተር አጣ።

በ1947 ፎርድ 8ኤን የተባለውን ሞዴል በራሱ አከፋፋዮች በኩል ማውጣት ጀመረ። 8ኤን ከ9ኤን በብዙ ነገር የተሻለ ነበር። ካምቢዮው ባለ 4 ፍጥነት ሆነ፤ ሁለቱም የፍሬን ፔዳሎች ወደ ቀኝ በኩል ተዛወሩ፤ ክንዶቹን ነጂው በፈለገው ከፍታ ላይ ለማቆም የሚያስችል መቆጣጠሪያም ተጨመረ። ነገር ግን የፈርጉሰን ማያያዣና ሃይድሮሊክ አሁንም በውስጡ ነበር።

በጃንዋሪ 1948 ፈርጉሰን የፎርድ ኩባንያን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የጠየቀው ካሳ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ክርክሩ አራት ዓመት ወስዶ በኤፕሪል 1952 በስምምነት ተዘጋ። ፎርድ ለባለቤትነት መብቱ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ በሃይድሮሊኩ ላይም የተወሰኑ ለውጦችን ለማድረግ ተስማማ። በዚህም ምክንያት ፎርድ ለ1953 ያወጣው አዲስ ሞዴል ሌላ ዓይነት ፓምፕ ነበረው። የተከፈለው ገንዘብ ከጠየቀው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሆኖም አንድ የፈጠራ ሰው በዓለም ከታወቁት ትልልቅ ኩባንያዎች በአንዱ ላይ መብቱን ማስከበሩ በሰፊው ተወራ።

ግራጫው ፈርጉሰን

ከፎርድ ጋር የነበረው ግንኙነት ከመቋረጡ በፊት ፈርጉሰን በእንግሊዝ አገር ከስታንዳርድ የመኪና ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ነበር። በ1946 በኮቨንትሪ ከተማ፣ ባነር ሌን በተባለው ፋብሪካ ቲኢ 20 የተባለው ትራክተር መመረት ጀመረ። ቀለሙ ግራጫ ስለሆነ ትንሹ ግራጫ ፈርጉሰን እየተባለ ይጠራል። መልኩ 9ኤንን ይመስላል፤ ካምቢዮው ግን ከመጀመሪያው ባለ 4 ፍጥነት ነበር። ሞተሩ የሚነሣው የማርሽ ዘንጉን ለዚሁ ወደተመደበ ቦታ በመግፋት ነው። ስለዚህ ትራክተሩ ማርሽ ገብቶ እያለ ሊነሣና ሰው ሊገጭ አይችልም።

ቲኢ 20 በአሥር ዓመት ውስጥ በየደረጃው ተሻሽሏል። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች እነዚህ ናቸው፦

- ቲኢ 20፦ ከአሜሪካ የመጣ ኮንቲኔንታል የቤንዚን ሞተር የነበረው የመጀመሪያው ዓይነት።
- ቲኢኤ 20፦ ስታንዳርድ ኩባንያ ራሱ የሠራው የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት፣ ከ1947 ጀምሮ።
- ቲኢዲ 20፦ ከቤንዚን ርካሽ በሆነ የላምባ ዓይነት ነዳጅ የሚሠራ፣ ከ1949 ጀምሮ።
- ቲኢኤፍ 20፦ በናፍጣ የሚሠራ፣ ከ1951 ጀምሮ።

ከእነዚህ ሌላ ለወይን እርሻና ለጠባብ መስመሮች የሚሆኑ ቀጫጭን ዓይነቶችም ነበሩ። የኤሌክትሪክ ሥርዓቱም ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ከፍ ብሏል። እስከ 1956 ድረስ ከ517,000 በላይ ቲኢ 20 ትራክተሮች ተመረቱ። በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማም ፈርጉሰን በ1948 የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ ቲኦ 20፣ ቀጥሎም በ1951 ጉልበቱ የጨመረውን ቲኦ 30 አወጣ።

ቲኢ 20 በእርሻ ብቻ አልተወሰነም። ኤድመንድ ሂላሪ የመራው የኒውዚላንድ ቡድን በሦስት የፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ የጎማ ሰንሰለት ገጥሞ በበረዶ ላይ ከተጓዘ በኋላ ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ ደረሰ። በሞተር ተሽከርካሪ ወደ ደቡብ ዋልታ በምድር የተደረሰው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከማሲ-ሃሪስ ጋር መዋሐድ

በ1953 ፈርጉሰን ድርጅቶቹን ማሲ-ሃሪስ ከተባለው የካናዳ ኩባንያ ጋር አዋሐደ። በድርድሩ መጨረሻ ላይ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ሲቀር ሁለቱ ወገኖች ሳንቲም ወርውረው ለመወሰን ተስማሙ። ዕጣው ለፈርጉሰን አልወጣም፤ ድርሻው 16 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። አዲሱ ኩባንያ ማሲ-ሃሪስ-ፈርጉሰን ተባለ፤ በ1958 ስሙ አጥሮ ማሲ ፈርጉሰን ሆነ።

ፈርጉሰን የሰው አለቃ መሆን እንጂ የኩባንያ ሸሪክ መሆን አልተሳካለትም። ለትልልቅ እርሻዎች አስቦ ያሠራውን ከባድ ትራክተር ኩባንያው ከሙከራ እንዳያልፍ አደረገው። በ1954 ከኃላፊነቱ ለቀቀ።

ከእሱ መልቀቅ በኋላም ትራክተሩ መሻሻሉን ቀጠለ። በ1956 በእንግሊዝ የወጣው ኤፍኢ 35 ባለ 6 ፍጥነት ካምቢዮ ነበረው። በቲኢ 20 ላይ ነጂው ፍሪሲዮን ሲረግጥ የሃይድሮሊክ ፓምፑም አብሮ ይቆም ነበር። ለኤፍኢ 35 በሁለት ደረጃ የሚረገጥ ፍሪሲዮን ስለተሠራ ትራክተሩ ቆሞም ፓምፑ መሥራት ቻለ። በ1957 ግራጫና ነሐስ የነበረው ቀለም ወደ ቀይና ግራጫ ተለወጠና ሞዴሉ ማሲ ፈርጉሰን 35 ተባለ። የመጀመሪያው የናፍጣ ሞተሩ በብርድ ጊዜ ለመነሣት ያስቸግር ስለነበር በ1959 ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር ተተካ። በ1964 ደግሞ በዚሁ መሠረት ላይ የተሠራው ማሲ ፈርጉሰን 135 ወጣ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ሦስቱ ክንዶች በቦታቸው ነበሩ።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ፈርጉሰን ከትራክተር ሥራ ከወጣ በኋላ ትኩረቱን በ1950 ወዳቋቋመው የምርምር ድርጅት አዞረ። ዓላማው በአራቱም ጎማዎች የሚነዳና የማይንሸራተት የቤት መኪና መሥራት ነበር። የመኪና ኩባንያዎች ግን ሐሳቡን ለመቀበል አመነቱ። በእነዚህ ዓመታት ጤንነቱ ተጓደለ፤ በመንፈስ ጭንቀትም ይሠቃይ ነበር።

ኦክቶበር 25 ቀን 1960 በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሺየር፣ አቦትስዉድ በተባለው መኖሪያ ቤቱ በ75 ዓመቱ ሞቶ ተገኘ። ሞቱ ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት በመውሰድ የደረሰ ሲሆን፣ በስሕተት ይሁን ታስቦበት የሞት መንስኤ መርማሪው ፍርድ ሳይሰጥበት ቀርቷል።

ፈርጉሰን ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ድርጅቱ የሠራው ፈርጉሰን ፒ99 የውድድር መኪና በስተርሊንግ ሞስ እየተነዳ በኦልተን ፓርክ የወርቅ ዋንጫ ውድድር አሸነፈ። በ1966 የወጣው ጄንሰን ኤፍኤፍ የተባለው መኪናም የፈርጉሰንን የአራት ጎማ አነዳድ ተጠቅሟል።

ውርስ

የባለቤትነት መብቶቹ ዘመን እያበቃ ሲሄድ ሌሎች ኩባንያዎችም ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣን ተቀበሉ። ዛሬ የማያያዣው መጠንና ልክ አይኤስኦ 730 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ሲሆን እንደ ትራክተሩ ጉልበት በምድብ ይከፈላል። በዚህ ምክንያት የአንድ ኩባንያ ማረሻ በሌላ ኩባንያ ትራክተር ላይ መገጠም ይችላል፤ ገበሬውም ትራክተሩን ሲለውጥ መሣሪያዎቹን ሁሉ መጣል የለበትም።

ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ኖርዘርን ባንክ ባሳተመው የ20 ፓውንድ ኖት ላይ የፈርጉሰን ምስል ይገኛል። ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቲኢ 20 ትራክተሮችም በብዙ አገሮች በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹም አሁን ድረስ በእርሻ ላይ ይሠራሉ።